ሜዳው ካልተሰጠን አንቀመጥም

በፈረንጆቹ 2023 ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ነገር ተማርኩ። ስፖርተኛ ጉልበቱ ሲያልቅ ወይ ይወፍራል፣ ወይ ኃላፊ ይሆናል። ዕድለኛው ሁለቱንም ይሆናል።

አትቆጡኝ፣ ያየሁትን ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አውሮራ ከተማ፣ የሰፈራችንን ሜዳዎች የሚያስተዳድረው ሰው ድሮ የራግቢ ሊግ ተጫዋች ነበር። ጨዋታውን ለማታውቁት... ኳሷ ሎሚ ትመስላለች፣ በእጅህ ይዘሃት ትሮጣለህ፣ አሥራ ሦስት ሰው አባቱን እንደገደልክበት ተረባርቦ ይጥልሃል። ሰውየው የሳሞአ ደሴት ሰው ነው። ጆሮው በግጭት ብዛት ተጨማድዷል፣ በር ላይ ሲቆም በሩ ይጠፋል።

ይኸው ሰው የልጆቻችንን የቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ለጎልማሶች ቡድን ሰጠብን። ልጆቹ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ካለው አፓርታማችን ፓርኪንግ ገብተው በመኪና መሀል ይራገጡ ጀመር። አንዱን ልጅ ፒካፕ መኪና ለጥቂት ሳተው። ወላጆቹ ኢሜይል ላኩ፤ መልስ የለም። እኔ ሽማግሌ ይላክ አልኩ። ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልጅ መዳር አይደለም ብለው ሳቁብኝ። ሜዳ ከሙሽራ ይልቅ እንደሚቸግር መች አወቁ!

ዓርብ ዕለት ከሐጂ ኑሩ ጋር የሰውየው ቢሮ ሄድን። ሐጂ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። ሰውየው ተነስቶ ጨበጠንና ተቀመጡ አለን።

"ሜዳው ካልተሰጠን አንቀመጥም በለው" አልኩት ሐጂን።

ተረጎመለት። ሰውየው ወንበሮቹን አያቸው። ወጣና ስፖንጅ ያላቸውን አመጣ። አንቀመጥም። የራሱን፣ የሚሽከረከረውን ገፋልን። አንቀመጥም። ወገባችሁን ያማችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሐጂ ላብ እያጠመቀው አስረዳው፤ በእኛ ደንብ ሽማግሌ ለልመና ሲሄድ እሺ እስኪባል ቆሞ ነው የሚጠብቀው አለው።

ከዚያ ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያን የሚያህል ገላ እግሩን አጣጥፎ ምንጣፉ ላይ ዘፍ!

"እኛ አገር ደግሞ ከትልቅ ሰው በላይ ቆሞ አይወራም" አለ።

እንግዲህ አስቡት፤ ለማኙ ቆሞ፣ ተለማኙ መሬት ላይ። እኔም ግትር፣ እሱም ግትር።

"አሁን ማን ማንን ነው የሚለምነው?" አለኝ ሐጂ ቀስ ብሎ።

በመጨረሻ ሰውየው ሳቀ። ሽማግሌ አቁሞ እምቢ ማለቱን እናቱ ብትሰማ ከሳሞአ ድረስ መጥታ እንደምትገርፈው ነገረን። ጠዋቱ ለልጆቹ ይሁን፣ ጎልማሶቹ ከሰዓት ይምጡ አለ። መረቅነው።

ሜዳው ተገኘ፤ ሰውየው ግን መነሳት አቃተው። ጉልበቱን ለካ በራግቢው ጨርሶታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! አንድ ክንዱን እኔ፣ ሌላውን ሐጂ ይዘን ስንታገል ወገቤ ቋ አለ። እንደምንም ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ሳሩ ላይ ኳሳቸውን ሲያባርሩ፣ እኔ ፋርማሲ ሄጄ ሁለት የሕመም ቅባት ገዛሁ። አንዱ ለወገቤ፣ አንዱ ለሳሞአው ጉልበት። ለሐጂ አልገዛሁለትም። እሱ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንሳ!" እያለ አዘዘ እንጂ መች አነሳ? የስፖርት ኃላፊ ማድረግስ እሱን ነበር።