የቄስ ሞላ ጉጉት

ስለ ጉጉት ላወራችሁ ነው። ማማተብ የሚፈልግ ያማትብ፤ እጠብቃለሁ።

የእናቴ ወንድም ቄስ ሞላ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ከቅዳሴ ሲወጡ እንደ ሌላው ካህን አረፍ አይሉም። ደብተር ይዘው ደኑ ውስጥ ይገባሉ። የትኛው ዛፍ መቼ አበበ፣ የትኛዋ ወፍ ጎጆዋን በምን ሠራች፣ ዝናብ ሲቃረብ ጉንዳን ወዴት ሄደ፤ ሁሉንም ይጽፋሉ። መንደሩ መጀመሪያ ቅጠል በጣሽ ናቸው ብሎ አማቸው። ኋላ ሰለቸው። ሐሜትም እኮ ይሰለቻል። እኔ ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከመጽሐፍ ያጣሁትን ከእሳቸው ደብተር የምገለብጥበት ጊዜ አለ፤ ለተማሪዎቼ ግን አልነግርም።

ታዲያ አንድ ክረምት በዚያች መንደር ሦስት ሰው ተከታትሎ ሞተ። ሦስቱም ያረጁ፣ ሦስቱም የታመሙ ነበሩ። ግን ከደኑ ውስጥ፣ ካንድ አሮጌ ዋንዛ ጎሬ ጉጉት ትጮህ ነበርና ጥፋተኛ ፍለጋ ብዙ አልተደከመም። የሰበካው ሰብሳቢ አቶ ባየህ ዛፉ ይቆረጥ አሉ። መጥረቢያም ተሳለ።

ቄስ ሞላ እስከ እሑድ ታገሡኝ ብለው ለመኑ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ አይደል? ጉጉት የበላችውን አጥንትና ጸጉር አድበልብላ መልሳ ትተፋለች። ቄሱ ጠዋት ጠዋት ከዋንዛው ሥር ያንን ድብልብል እየለቀሙ አጠራቀሙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰፌድ አቅርበው፣ ሕዝቡ እያየ አንድ በአንድ ፈለፈሉት። የአይጥ ራስ፣ የአይጥ ጥርስ፣ የአይጥ አጥንት።

«የጠራቻቸው እነዚህን ነው» አሉ። «አቶ ባየህ፣ ከእርስዎ ጎተራ የወፈሩም ሳይኖሩበት አይቀር።»

አቶ ባየህ ያን ዓመት በቆሏቸውን ከአይጥ ጋር ተካፍለው የበሉ ሰው ናቸው። ዛፉም ተረፈ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለተማሪዎቼ ጥሩ ትምህርት ይወጣው ነበር። አላበቃም።

እትዬ የሺ የሚባሉ አሮጊት ከሰፌዱ ላይ አንዱን ድብልብል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ፤ ጎተራቸው ላይም አንጠለጠሉት። አይጡ ድራሹ ጠፋ። በዚያው ሳምንት ድመትም አምጥተው ነበር፤ ድመቷን ግን ማንም አላመሰገናት። ወሬው ሽንዲ ደረሰ። ሰዉ በባጃጅ ይጎርፍ ጀመር። ለሆድ ቁርጠት፣ ልጅ ለማግኘት፣ ፈተና ለማለፍ ያ ድብልብል ተፈለገ። ጧፍ በራ። መጥረቢያ የተሳለለት ዛፍ ጃንጥላ ተሳለለት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ይኸው ነው።

ቄስ ሞላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ተቆጡ። ኧረ አጥንት ነው፣ ኧረ የአይጥ ጸጉር ነው አሉ። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸውና፣ ተአምሩን የሚሸሽጉት ከትሕትና ነው ተባባለ። በማግስቱ የመጣው ሰው በእጥፍ ጨመረ።

ለመስቀል ልጠይቃቸው ብሄድ ጎሬው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ከሥሩ ግን ጧፉ ይነዳል። የአቶ ባየህን በቆሎ አይጥ እንደገና ጀምሮታል። ምን አግኝቷት ሄደች ብዬ አጎቴን ጠየቅኋቸው። ደብተራቸውን ዘጉና ዛፉን ሽቅብ አዩት።

«ልጆች በድንጋይ ሲያሳድዷት ስንት ዘመን ችላ ኖረች» አሉኝ። «መከበሩን ግን አልቻለችውም።»