ድመቷ የተንተራሰችው ገመድ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚፈራና ኤሌክትሪክ ገና ያልያዘው። ሦስተኛም አለ ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ... አለ። እሱም ልጄ ሰሎሞን ነው። ይዞትም አልፈራም።

ሰሎሞን ናይሮቢ መሃል ከተማ ሱቅ ያለው አስመጪ ነው። በቅርቡ ከነዳጅ ተለያየሁ ብሎ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ሁርሊንግሃም ያለው ግቢያችን ስትገባ ድምፅ ስለሌላት፣ መምጣቷን ያወቅኩት ቆማ ሳያት ነው። ጨዋ መኪና ናት። ክፋቷ ሆዷ ነው። ካውያና ስልክ በሚሰካበት ተራ ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ጠጥታ፣ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆና ትገኛለች። ሰሎሞን ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሱቁና ከከተማው ዳር ኢምባካሲ ባለው መጋዘኑ መካከል ሲመላለስ የሚውል ሰው ነው።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አልኩት።

“እማዬ፣ እንቁላሉ ኢምባካሲ አይደርስም።”

መኪናዋን የሸጡለት ሰዎች፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጠርተህ ለብቻዋ መስመር አስዘርጋላት ብለውት ነበር። ባለሙያው ከሁለት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ አለ። ሰሎሞን መጠበቅ ከጾም ይከብደዋል። ፉንዲ አመጣ።

ናይሮቢን የማታውቁ ካላችሁ፣ ፉንዲ ማለት ቧንቧም ጫማም ጣሪያም የሚጠግን ሰው ነው። ሥራው ይለያያል፤ ሲጨርስ የሚለው ግን አንድ ነው። “ሃኩና ሺዳ፣ ማማ!” ችግር የለም ማለቱ ነው። እኔ በዚህ አገር ብዙ ችግር ሲጀምር የሰማሁት በዚህ ቃል ነው።

ፉንዲው ቤቱን ዞሮ ዞሮ ከሁሉ የበረታው መስመር የሻወር ማሞቂያው መሆኑን ደረሰበት። ከእሱ ላይ መስመር ቀጥሎ፣ ገመዱን በኮርኒሱ ውስጥ ከአልጋዬ በላይ አሳልፎ፣ በመስኮት ወደ ግቢ አወጣው። ገመዱ አጠረ። ሌላ አመጣና ሁለቱን አበባው መደብ አጠገብ አጋጥሞ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለላቸው። ዝናብ እንዳይነካው ደግሞ ፌስታል ፈለገ። ኬንያ ውስጥ ፌስታል ክልክል ነው፤ ሐበሻ ቤት ግን አይጠፋም። ከአዲስ አበባ በርበሬ የመጣበትን አልብሶ አሰረው።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኩ።

“ሃይ ቮልቴጅ” አለ ሰሎሞን።

“ስትሮንግ ላይን” አለ ፉንዲው።

በስሙ እንኳ አልተስማሙም።

መጀመሪያ ሲሰኩት፣ ጭነት ሲበዛ መብራት የሚቆርጠው ብሬከር ወረደ። አነሡት፤ ወረደ። ፉንዲው ነቅሎ በትልቅ ብሬከር ተካው፤ ከዚያ ጸጥ አለ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሌባ ሲመጣ የሚጮኽ ውሻችሁን ሰጥታችሁ ዲዳ ውሻ ብታመጡ፣ ሌባው ቀረ ማለት ነው? ነው አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን በመኪናዋ ፈቃድ ይተዳደር ጀመር። እሷ ስትጠጣ ሻወር መክፈት ክልክል ሆነ። በዚህ ዕድሜዬ ገላዬን ለመታጠብ መኪና እስክትጠግብ ወረፋ ያዝኩ።

የተመቻት ድመቴ ብቻ ናት። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ናይሮቢ ላይ ብርድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጭኔ ላይ የምትተኛ ድመት ድንገት ጥላኝ ጠፋች። ብፈልጋት... አበባው መደብ አጠገብ ገመዱን ተንተርሳ ታንኮራፋለች።

“ሰሎሞን፣ ድመቷ ገመዱን ተንተርሳ ነው የምትተኛው።”

“ታዲያ ምን አለበት እማዬ? ድመት ሙቀት ትወዳለች።”

“ሙቀቱ ከየት መጣ?”

“ከ... ከፀሐይ።”

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ደመና ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገሬ ሰው፤ ቅጠሉ ኮርኒስ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ግን አልነገረንም። አልጋዬን ወደ ሳሎን አወጣሁት። ሰሎሞን ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ “ለቴሌቪዥን” አልኩት።

ቅዳሜ ለት መኪናዋን ጠበል ሊያስረጭ የንስሐ አባታችንን አባ ወልደ ሰንበትን ጠራ። እኛ ዘንድ አዲስ መኪና ያለ ጠበል መንዳት ያለ መንጃ ፈቃድ ከመንዳት ይብሳል። አባ ደግሞ አይቆጥቡም። ሌላው በጣቱ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ እሳቸው በጆግ ነው። አባ ከረጩት በኋላ ልብስ ሳይቀይር ቤቱ የገባ ሰው አላውቅም።

ሰሎሞን፣ ስትጠጣ ይዩልኝ ብሎ መኪናዋን ሳይነቅላት ቀረ። አባ ጸሎቱን አድርሰው ጆጉን አነሡ።

“ከምትመገብበት እንጀምር” አሉና ወደ አበባው መደብ መጡ።

ያን ጊዜ ድመቷ ተነሣች። ስንት ቀን አልነሣም ያለችበትን ቦታ ትታ፣ መዳፏን እያራገፈች አጥር ላይ ወጣች። ለድመት የበዛ ሙቀት ለቄስ አይሆንም ብዬ አሰብኩ። እኔ ካህን አቋርጬ አላውቅም።

“አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጆጉን ያስቀምጡት።”



“ጠበል እኮ ነው፣ ወለተ ማርያም” አሉኝ በክርስትና ስሜ።

“እኔ አውቃለሁ፣ አባ። ገመዱ ነው የማያውቀው።”

“እማዬ! እምነትሽ የት ሄደ?” አለ ሰሎሞን።

“እምነቴ በጠበሉ ነው፤ በፉንዲው አይደለም።”

አባ ጆጉን እንደያዙ ወደ ፌስታሉ አዩ። ፌስታሉ እየተኮማተረ ነበር። ከዚያ... ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ፣ ጭስ፣ የተቃጠለ በርበሬ! አባ ዲያቆን ሳሉም እንደዚያ የዘለሉ አይመስለኝም። ሁላችንም ማስነጠስ ጀመርን። ሰሎሞን ገመዱን ሊነቅል ሮጠ።

“እጅህን!” አልኩት። ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩ።

ሰሎሞን ዞሮ ዋናውን ማጥፊያ አውርዶ ተመለሰ።  

አባ ዓይናቸውን እየጠረጉ ገመዱን ከሩቅ መረመሩት።

“ጠበሉ ሳይነካው ጮኸ” አሉ። “ይሄ የቆየበት ነው።”

ባለሙያው በቀጠሮው መጣ። ኮርኒሱን ከፍቶ አልጋዬ ከነበረበት በላይ የጠቆረ ገመድ ጎትቶ አወጣ። ሻወር ሰው ታጥቦ እስኪወጣ ነው የሚሠራው፤ መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል፤ ገመዱ ይህን አይችልም አለ። ሰሎሞን ገመዱን አየ፤ ባዶውን የአልጋ ቦታ አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

“ለቴሌቪዥን ነው ያልሽኝ።”

“ጥሩ ነገር አይታይበትም” አልኩት።

አልጋዬን ብቻውን ተሸክሞ መለሰ። መኪናዋ የራሷ ወፍራም መስመር፣ የራሷ ብሬከርና መሬት የገባ ሽቦ ተሠራላት። አባም ተመልሰው መጡ፤ በስመ አብ ከማለታቸው በፊት፣ “ተነቅሏል?” ብለው ከበሩ ጠየቁ።

ባለሙያው ሥራው ደህና ነው ብሎ ፈረመልን። እኔ እንኳ በፊርማ አላመንኩም። ያመንኩት ድመቷ አዲሱን ገመድ ተንተርሳ ትንሽ ቆይታ፣ ቀዝቃዛ ቢሆንባት ተቆጥታ ተነሥታ፣ ጭኔ ላይ ስትወጣ ነው።

ይቅር አልኳት። ብርድ ነበር።