ካፒቴኑ ረቡዕን የሰረዘ ዕለት

መርከብ ላይ የሚማር ሰው ተማሪ አይደለም… ዕቃ አጣቢ ነው! ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ በራሴ ደርሶ ነው የምናገረው። በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ያቋረጥኩትን ኮሌጅ ልጨርስ ብዬ ብመለስ፣ “አንድ የሳይንስ ትምህርት ይጎድልሃል” ተባልኩ። ምርጫው ሁለት ነበር፦ ላብራቶሪ ገብቶ እንቁራሪት መቅደድ፣ ወይም ከሳን ፔድሮ ወደብ ተነስቶ ፓስፊክን እያጠኑ ጃፓን ድረስ መሄድ። እናንተስ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር? እኔም እንደ እናንተው ተሸወድኩ።

ባሕር ላይ ትምህርት የሚባለው ነገር በቀን ሁለት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ሌላው ፈረቃ ነው። ጠዋት ተነስተህ ወለል ትወለውላለህ። ቀጥሎ መረብ ባሕር ውስጥ ትጥልና ይዞት የወጣውን ደቃቅ ፍጥረት በማጉያ መነጽር አፍጥጠህ ታያለህ። እሱም አፍጥጦ ያይሃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአርባ ሰው ሳህን ታጥባለህ። በመሐሉ መርከቧ ባዘነበለች ቁጥር የበላኸውን ለባሕሩ ትመልሳለህ። አብሮኝ የሚተኛው ታይለር ሃያ ዓመቱ ነው፤ ከላይኛው አልጋ አንገቱን አስግጎ “ዱድ፣ አር ዩ ኦኬ?” ይለኛል፤ እንደ እኩያው “አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?” ማለቱ ነው። አባቱ እሆናለሁ እኮ! ግን ማን ይንገረው…

ያማረረኝ ግን ሳህኑ አይደለም፤ ጾሙ ነው። እናቴ ከተነሳንበት ወደብ ብዙም በማይርቀው የሐበሾች ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ ትንሽ የቅመም ሱቅ አላት። የምሄድ ዕለት ደንበኞቿ ፊት አቁማ ቃል አስገባችኝ።

“ረቡዕና ዓርብን አትገድፍም?”

“አልገድፍም እማዬ።”

“ዓሣም ቢሆን?”

“ዓሣም ቢሆን።”

“እንግዲያው ገብርኤል ከመርከቧ ጋር ነው።”

ቀልድ አይደለም። እማዬ መርከቧን የሚያንሳፍፋት የኔ ጾም ነው ብላ ከልቧ ታምናለች። ሞተሩንም ካፒቴኑንም ከቁም ነገር አትቆጥራቸውም። ጾሙ ከተቋረጠ እንሰጥማለን፣ አለቀ! ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። እሷ እዚያ እንቅልፍ እንዲወስዳት እኔ እዚህ ጎመን መብላት ነበረብኝ። ጎመን ደግሞ መርከባችን ላይ የለም። ወጥ ቤቱን የሚመራው ሮሜል ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ ስጠኝ ስለው የታመምኩ ይመስለዋል። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብን በነጭ ሩዝ ስገፋ ከረምኩ። ፎቶዬን ስልክላት “ከሳህ!” ብላ ታለቅሳለች። ብበላ ትደነግጣለች፣ ብጾም ታለቅሳለች… ምን ልሁን?

እንዲህ እያልን አንድ ማክሰኞ እራት ላይ ካፒቴኑ ማይክራፎኑን አነሳ። “በውቅያኖሱ መሐል የሚያልፈውን የቀን መለወጫ መስመር ስለምናቋርጥ ነገ ረቡዕ የለም። ተኝታችሁ ስትነሱ ሐሙስ ነው” አለ። ልጆቹ ተቀምጠው አጨበጨቡ። እኔ ቆሜ አጨበጨብኩ! ጾም የሻርኩት እኔ አይደለሁም፤ ቀኑ ራሱ ነው የቀረው። ሰው ያልመጣ ቀን እንዴት አድርጎ ይጾማል?

ሐሙስ ጠዋት ወጥ ቤት የደረስኩት የመጀመሪያ ሆኜ ነው። ሦስት እንቁላል፣ አራት ቋሊማ፣ በላዩ አይብ። እማዬ ስለ ክሳቴ እንዳታስብ ብዬ ሳህኑን ፎቶ አነሳሁና “ይኸው እየበላሁ ነው፣ አታስቢ” የሚል ጨምሬ ላክሁላት። ኢንተርኔት የሚፈቀድልን በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ፎቶው እንደሄደ የኔ ሩብ ሰዓት አለቀ። እኔም ወደ ቋሊማዬ ዞርኩ።

እናንተ ከኔ ቀድማችሁ ሳይገባችሁ አልቀረም። ፌርፋክስ ላይ ገና ረቡዕ እኩለ ቀን ነበር።

በማግሥቱ ስልኬን ስከፍት የድምፅ መልእክት ተደርድሮ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው የእማዬ ነው፦ “ይኼ ምንድን ነው? ይኼ እንቁላል ነው?” ሁለተኛውም የእሷ፦ “ስልክህን ለምን አታነሳም?” ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። አራተኛው የጋሼ ተስፋዬ ነበር። ጋሼ ተስፋዬ እዚያው አካባቢ ሃውቶርን ካለ የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ጡረታ ወጥተው፣ እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ እማዬ ሱቅ ሲጨዋወቱ የሚውሉ ሰው ናቸው።

“ስማ፣ የእናትህን ግፊት ቼክ አድርገነው በጣም ሃይ ነው፣ አሻቅቧል። ሶ፣ ሱቁን ዘግታ ገብርኤልን ስትማጸን ነው የዋለችው። መርከቡ ኦኬ ነው? ቶሎ ደውል!”

በአራት ቋሊማ እናቴን ልገድላት! ወዲያው ደወልኩ።

“አለህ?” አለች።

“አለሁ እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም።”

“መርከቧስ?”

“እየሄደች ነው።”

በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ወዲያው ወረደችብኝ።

“በረቡዕ ምድር ቋሊማ?”

“ረቡዕ አልነበረም እኮ! ረቡዕ ተሰርዟል።”

“ማን ነው የሰረዘው?”

“ካፒቴኑ።”

“ካፒቴኑ ጳጳስ ነው?”

ስልኩ ስፒከር ላይ ኖሯል፤ ጋሼ ተስፋዬ ጣልቃ ገቡ። “ወይዘሮ አስካለ፣ ልጁ ትክክል ነው። ይኼውልዎት፣ ይኼ ሎሚ መሬት ነው እንበል። ኦኬ? እዚህ ጋ መስመር አለ። መስመሩን ክሮስ ሲያደርጉ አንድ ቀን ይዘላሉ።”

“መስመሩን ማን አሰመረው?” አለች እማዬ።

“እሱማ… ሰዎች ናቸው።”

“ጾሙንስ ያዘዘው ማን ነው?”

ጋሼ ተስፋዬ ሎሚውን ያስቀመጡት ይመስለኛል።

“ቁርስ በልተሃል?” አለችኝ እማዬ።

“አልበላሁም። ዓርብ አይደል? እየጾምኩ ነው” አልኳት፣ ይኼ እንኳን ያስታርቀናል ብዬ።

“ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው!”

“እዚህ ዓርብ ነው፣ እማዬ።”

አሁን ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

“ስማኝ ልጄ። እኔ መስመሩንም ሎሚውንም አላውቅም። ግን ረቡዕ ቀን ቆሜ ‘ልጄን ጠብቅልኝ’ ስል አንተ ሐሙስ ላይ ከሆንክ፣ ጸሎቴ የት ያገኝሃል?”

የውቅያኖስ ትምህርት በወሰድኩበት ክፍል ሁሉ ይኼን ጥያቄ ያነሳ የለም። ዕንባዬ መጣ። ታይለር እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ለካ እኔ ጾሙን እንደ ግዴታ ስቆጥረው፣ እሷ ከባሕር መሐል እኔን ፈልጋ የምታገኝበት መንገድ አድርጋው ኖሯል።

“ከዛሬ ጀምሮ በፌርፋክስ ቀን ነው የምጾመው” አልኳት።

“ተባረክ! በል አሁን ሂድ ብላ፤ ሐሙስ ነው” አለች። ሩብ ሰዓቱ እዚያው ላይ አለቀ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት የጋሼ ተስፋዬ አጭር መልእክት መጣልኝ፦ “ግፊቷ ወርዷል። ሱቁን ከፍታ ሰው እየተቆጣች ነው።” ደስ እያለኝ ለቁርስ ገባሁ። ሮሜልም ጾሜ አለፈ ብሎ እንቁላሉን ከምሮ ጠበቀኝ። ፌርፋክስ ግን ገና ዓርብ ነው፤ ሳህኑን ቀስ ብዬ መለስኩለትና ሩዝ ለመንኩት፣ ከእንግዲህም ሐሙስና ቅዳሜ እንደምጾም ነገርኩት። ሮሜል ቅር ብሎት ገባ። ይህን ሁሉ ሲያይና ሲሰማ የነበረው ታይለር ማንኪያውን አስቀመጠ።

“ዱድ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው የምጾመው ብለኸኝ ነበር። አሁን ደግሞ ሐሙስና ቅዳሜ ሆነ? ይኼ የማን ሃይማኖት ነው?”

“የእናቴ” አልኩት።