ጋሽ ወልደሰማያት ገና ዲ ላይ ናቸው

ሰፈሩን ሁሉ እንግሊዝኛ ካላስተማርኩ ብሎ የሚምል አንድ ሰው የሌለው ከተማ የለም። የሾመው የለ፣ ደመወዝ የሚከፍለው የለ። ሄርማታ ገበያ ዳር ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ወልደሰማያት ናቸው፤ በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በራሳቸው አዋጅ ደግሞ የሰፈሩ የእንግሊዝኛ ጉዳይ ኃላፊ። ሹመቱን ከማንም በላይ የቀመሰው የቤት ዕቃ ሻጩ ጠሃ ነው፤ ሱቁ ከሳቸው ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራልና።

ጋሽ ወልደሰማያት በየማለዳው ልብስ በሚያሰምሩበት ጠመኔ በራቸው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፋሉ። ያ ቃል የዕለቱ ቀረጥ ነው። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ይለዋል፣ ሊስትሮው ይለዋል፣ ባጃጅ ነጂው ዮኤል ሞተሩን ሳያጠፋ ይለዋል። አጉረምርሞ ለማለፍ የሞከረ እንደሆነ «ድምፅ! ድምፅ! የምን መዋጥ ነው!» ይላሉ።

መከራው ግን ሌላ ነው። ቃሎቹን የሚያወጡት ከአንዲት የተማሪ መዝገበ ቃላት ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው፣ አንድም ሳያልፉ። «መዝለል የለም!» ባይ ናቸው። ኤ ብቻውን ስንት ወር ፈጀ። በዚያ ጊዜ ሰፈሩ ስለ አዞና ስለ ጉንዳን በእንግሊዝኛ ማውራት ሲችል ለውሃ ግን ቃል አልነበረውም። ዮኤል አንድ ጠዋት «ጉድ ሞርኒንግ» ቢላቸው «ጂ ገና ነው! ማን ፈቀደልህ?» ብለው ተቆጡት።

አርብ ጠሃ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ ሱቁን የሚጠብቁለት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደግሞ ጠሃ ማሽናቸውን ይጠብቃል። በአደራቸው አይታሙም፤ የሚጎዳው ደንበኛው ነው። አንድ አርብ ጠሃ ሲመለስ ከሰቃ ለገበያ የመጡ አዛውንት የገዙትን ሰሃን እንዳቀፉ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው። ሒሳቡን ከፍለዋል፤ ቃሉን ግን አላሉም።

«ማል ጄቹዳ?» አሉ አዛውንቱ። «ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አልነገሩኝም! እኔ የፈለግሁት ሰሃን ነው።»

«አባባ፣ ቃሏን ይበሏትና ይገላገሉ» አለ ጠሃ እያፈረ።

አዛውንቱ «ካቢኔት!» ብለው ጮኸው ሄዱ።

ጠሃ ያን ቀን ከጋሽ ወልደሰማያት ጋር ሊጣላ ቆርጦ ነበር። ያልተጣላቸው በሙና ምክንያት ነው። ሙና የመጀመሪያ ልጁ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፣ በወረቀት ላይ እንግሊዝኛዋ ያስቀናል፣ እንግዳ ሰው ፊት ስትቀርብ ግን ምላሷ ይታሰራል። በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ነው። ከቤት ውጭ ድምፅዋ የሚሰማው ጠዋት በጋሽ ወልደሰማያት በር ስታልፍ ብቻ ነበር። ቃሉን ጮክ ብላ ትላለች፣ እሳቸውም ከማሽናቸው ብድግ ብለው ያጨበጭቡላታል።

ዘንድሮ ሊሙ ገነት ያለ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት የውጭ ገዢዎችን የሚያስተናግድ ሠራተኛ ፈለገና ሙናን ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ጠሃን ጭንቅ ያዘው። እንዲህ ያለ ሥራ በየቀኑ አይገኝም፤ ልጁ ደግሞ አፏን ካልከፈተች አለቀ። አብሯት ሄዶ ከቢሮው ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ዝም። ሌላ ጠየቀቻት። ዝም። «ያ ረቢ» አለ ጠሃ። ከዚያ ሴትየዋ ድምፅዋን አለሳልሳ፣ በአማርኛ፣ «እሺ፣ ዊክነስሽ ምንድን ነው?» አለቻት።

ይሄኔ ያ የጠዋቱ ድምፅ ጮክ ብሎ መጣ።

«ይቅርታ፣ ደብልዩ ጋ ገና አልደረስንም!»

«ማነው ያልደረሰው?»

ሙና ማስረዳት ነበረባት። ስለ ጠመኔው፣ ስለ ጉንዳኑ፣ ሰሃን ታቅፈው ስለቆሙት አዛውንት ነገረቻት። ሴትየዋ በሳቅ ፈረሰች። «በይ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ንገሪኝ» አለቻት። ሙና በእንግሊዝኛ ነገረቻት፤ ያልተፈቀዱትን ፊደሎች ሁሉ እየጣሰች፣ ማን ያቁማት! ጠሃ ቃሉ ባይገባውም ድምፁን ይሰማ ነበር። አግዳሚው ላይ ሆኖ አለቀሰ።

ተቀጠረች። ጠሃ ሄርማታ ሲመለስ ሱቁን ሳይከፍት በቀጥታ ጎረቤቱ ዘንድ ገባ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሙናን ቀጠሯት! የእርስዎ ሥራ ነው!»

ጋሽ ወልደሰማያት ብድግ ብለው አጨበጨቡ፣ ዓይናቸውንም በሰው ሱሪ ጠረጉ። ጠሃ ሊያመሰግናቸው ፈለገ። የሚያውቀው ምርቃት ሁሉ አነሰበት። በመጨረሻ ደስ ይላቸዋል ብሎ «ታንክ ዩ» አላቸው።

እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉና ኮስተር አሉ።

«ቲ ገና ነው! መዝለል የለም!»

«መቼ ነው የምንደርሰው?»

«እኔ እንጃ። ዕድሜ ከሰጠን አሥር ዓመት ቢፈጅ ነው።»

ጠሃ ሽበታቸውን አየ፤ ከዚያ በበሩ ላይ የተጻፈውን ቃል ማንም ሳያስገድደው ጮክ ብሎ አለው።

«እንግዲያው ጋሽ ወልዴ፣ አላህ እስከ ቲ ያቆይልኝ።»