በእግሬ ነው የምወጣው

ለዛሬ አጥቢያ ትርንጎ ሕልም አየች። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን አሰላ በሙሉ ያወቀውን ጉዳይ እናንተም እወቁት። የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረችው ትርንጎና መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሲያሰማራ የኖረው ባሏ ደምሰው፣ ልጆቻቸውን ድረው ከጨረሱ በኋላ፣ ቤታቸውን ሸጠው ዓለምን ሊዞሩ ተነስተዋል። መጀመሪያ በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ከዚያ እስከ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ወዲያ ደግሞ እግራቸው እስካደረሳቸው። አልጋው ተሸጧል፣ ቡፌው ተሸጧል፣ የቀረው አንድ ሶፋም የእድሩ አዳራሽ ንብረት ሆኖ የሚወስደውን ይጠብቃል።

የእድሩ ሊቀመንበር ባሻ ቸርነት ሽማግሌ ይዘው ደጋግመው ተመላልሰዋል። «እድር ጥሎ፣ ጎረቤት ጥሎ፣ በስተርጅና በሰው አገር መንከራተት ምን የሚሉት እብደት ነው?» አሉ በመጨረሻው ቀን። «ስሚ ትርንጎ፣ አንቺን ከዚህ ቤት የምናወጣሽ እኛ ነን። እሱም ተሸክመን ነው።»

«ባሻ፣ እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በእግሬ ነው» አለች ትርንጎ፤ ወይ ፍንክች። ደምሰው ግን ጡረታ ከወጣም በኋላ ከአንገቱ ያላወለቃትን ፊሽካ በጣቱ ያሻሽ ነበር። ትርንጎ ይህን አየች። እውነቱን ለመናገር የሰው አገር አላስፈራትም፤ ያስፈራት ደምሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲሸኝ የኖረ ሰው እሷንም ሸኝቷት ይቀር ይሆን እያለች ዕቃ ስትጠቀልል አድራ፣ ሊነጋ ሲል ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ሕልሙ የመጣው ያኔ ነው።

በሕልሟ የእድሩን ጥሩንባ ሰማች። ወጥታ ብታይ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ይመኑ ጥሩንባውን አልያዘም፤ ጥሩንባው ነው ይመኑን ቁልቁል ይዞ የሚነፋው። «ትርንጎና ደምሰው ሊሄዱ ነው። ቀብራቸው ከመሄዳቸው በፊት ነው። ያልሰማህ ስማ» ይላል በይመኑ አፍ።

ከበሩ ውጪ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት አገሮች ናቸው። ትልልቅ አገሮች ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጉርድ ፎቶግራፋቸውን ይዘው፣ ትርንጎ እንድትጎበኛቸው ሊለምኑ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ትርንጎ ስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀመጠችና ትጠይቃቸው ጀመር።

«የመምጫሽ ምክንያት ምንድን ነው?» አለቻት አንዲትን በረዷማ አገር።

«እንድታዪኝ ነው።»

«ካየሁሽ በኋላ ወደ ቦታሽ እንደምትመለሺ በምን አውቃለሁ?»

በረዷማዋ አገር ይህን አላሰበችበትም። ተርበተበተች፣ አላባት፣ እስከ ወገቧ ድረስ ቀለጠች።

«ነገ ነይ» አለቻት ትርንጎ። ሥልጣን እንዲህ ደስ እንደሚል እስከዚያች ቀን ድረስ አታውቅም ነበር።

ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ውስጡ ያለው ባሕር ነው። ትርንጎ ባሕር አይታ አታውቅም፤ እንዲያ ተጨናንቆ ስታየው አንጀቷን በላው።

«ሞያሌ እንኳ አትደርስም ሲሉኝ ጊዜ ራሴ መጣሁ» አለ ባሕሩ። «ክዳኔን ክፈቺና እዚሁ ተመልከቺኝ። ምን ያንከራትትሻል?»

ልቧ ፈለገ። እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ቆየችና ሳትከፍተው እጇን ሰበሰበች። «ተመለስና ቦታህ ላይ ጠብቀኝ» አለችው። «በእግሬ ነው የምመጣው።»

ባሕሩ እየተንቦጨቦጨ በመጣበት ተመለሰ።

ወደ ግቢው ስትዞር ድንኳን ተተክሏል። ለቀስተኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ሙታኑ ቋሚዎቹን ያጽናናሉ። ከሞቱ ዓመታት ያለፏቸው የጓሮ ጎረቤቷ እማማ ደጊቱ ቆሎ እየቆረጠሙ እጇን ያዙ።

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሏት። «ምን ነካሽ? ሰው ሞቶ እንኳ እንዲህ አይርቅም። እኛ ይኸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አይደለን?»

«እማማ፣ ከዚያ ምን ይታያል?»

እማማ ደጊቱ ማኘካቸውን አቁመው አሰቡ። «ግንቡ» አሉ።

ትርንጎ ሻንጣዋን አንስታ ወደ ሳሎን ገባች። ሳሎኑ መሐል ገመድ የተወጠረበት ኬላ አለ። አንዲት ፍየል መነጽሯን ሰክታ ሻንጣ ትፈትሻለች።

«ምን ይዘሻል?»

«ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ መርፌና ክር።»

«‹ሰው ምን ይላል› የሚባለው ዕቃስ? እሱ የታለ?»

«ትቼው ነው የመጣሁት።»

«ያለሱ ከዚህ ወጥቶ የሚያውቅ የለም» አለች ፍየሏ። «ተመለሺና ይዘሽ ነይ።»

«እስከ ዛሬ እኔ ነኝ የተሸከምኩት። አሁን የፈለገ ይሸከመው።»

ፍየሏ እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፣ ግራ ገባት። ግራ ሲገባት ደግሞ የኬላውን ገመድ በላችው። ትርንጎም አለፈች።

ከገመዱ ወዲያ መናኸሪያው ነበር። ተሳፋሪዎች አውቶቡስ በጀርባቸው ተሸክመው ላይ ታች ይላሉ፤ አውቶቡሶቹ «ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያሉ ይጣራሉ። ከሁሉም መሐል ሶፋው ተዘርግቷል። ሶፋው ላይ ደምሰው ተንጋሏል፤ የሶፋውን ዳንቴል እንደ መግነዝ እስከ አንገቱ አልብሰውታል፣ ፊሽካው ከአፉ አልወጣም።

«ተነስ እንሂድ» አለችው።

«ይመቻል እኮ ትርንጎ። ነይ አንቺም ጋደም በይ።»

«ደምሰው።»

«እኔ መሸኘት እንጂ መሄድ አላውቅበትም» አለ። «አንቺ ሂጂ። ፊሽካ እነፋልሻለሁ።»

የፈራችውን ነው የሰማችው። ቢሆንም ጥሏት የሚቀር ባል በሕልም እንኳ አልፈቀደችም፤ ዳንቴሉን ገፍፋ፣ ክንዱን ጨብጣ፣ «ዛሬ ራስህን ሸኝ» ብላ ባላት ጉልበት ጎተተችው። ደምሰው ተነሳ። እሱ ሲነሳ ግን እሷ ሚዛኗን ሳተችና ሶፋው ላይ ወደቀች። ወዲያው ባሻ ቸርነት ከእድሩ ሰዎች ጋር ከተፍ አሉ። ዳንቴሉን አለበሷት። ሶፋውን ከነእሷ ብድግ አደረጉት። «በእግሬ ነው» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ አውቶቡሶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ጥሩንባቸውን ሲነፉ ድምጿ ተዋጠ።

ነቃች። ሶፋው ግን አሁንም ይሄዳል።

ዓይኗን ብትገልጥ ሰማይ ነው፤ ነግቷል። አራት የእድር ሰዎች ተሸክመዋታል፣ ባሻ ቸርነት በከዘራቸው ከፊት ይመራሉ። እድሩ ለጠዋት ስብሰባ ሶፋውን ፈልጎ በማለዳ ልኮ ኖሯል። ደምሰው ሆዬ ለሚስቱ ያዘነ መስሎት፣ «አሁን ገና ነው ያሸለባት፤ አትቀስቅሷት፣ ቀስ ብላችሁ ከነእሷ ውሰዱት» ብሏቸዋል። የግቢውን በር አልፈው መንገዱ ላይ ደርሰዋል።

«አላልኩሽም?» አሉ ባሻ ዞር ብለው። ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸዋል።

«አስቀምጡኝ።»

አስቀመጧት። ትርንጎ ከሶፋው ወረደች። በባዶ እግሯ ወደ ግቢው ተመለሰች፣ ባዶው ቤት ገባች፣ ጫማዋን አጥልቃ ክሩን አጥብቃ አሰረች፣ ሻንጣዋን አነሳች። ከዚያ በዚያው በር በእግሯ ወጣች። ደምሰው በሩ ሥር ቆሞ ነበር፤ በአጠገቡ አልፋ ሄደች። ባሻንም አልፋ ሄደች። ዞራ አላየችም። ዞራ ብታይና ደምሰው ከቆመበት ባይነቃነቅ ምን እንደምትሆን አታውቅም ነበር።

ከኋላዋ ፊሽካ ተነፋ።

እግሯ ግን አልቆመም። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ከዚያ የሻንጣ ጎማ ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ ሰማች።

«ቀስ በይ እንጂ» አለ ደምሰው።