ከጀርመኑ መድፍ ፊት የቆሙ ሽማግሌዎች

«እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ሴት ልጅ ለባል ሰጥቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ልጁን የሚድር አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለ ምን ቀረው? ሰፈሩ «ከእጁ እንድትወጣለት ሲጠብቅ ነበር» ይለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ላስብበት» ይላል፤ ቀጥሎ «ከዘመድ ልማከር» ይላል። ሽማግሌውም ይህን ስለሚያውቅ አይከፋውም፤ ጫማውን ወልውሎ ይመለሳል። ሽማግሌ ተልካችሁ የምታውቁ ከሆነ ዋናውን ደንብ አትስቱትም፦ መልስ ሳይገኝ መቀመጥ የለም። ባለቤቱ «ኧረ ተቀመጡ» እያለ ይለምናል፤ እናንተ ቆማችሁ ልጅቷን ትለምናላችሁ። ማን ቀድሞ እንደሚደክመው የሚያውቀው አምላክ ብቻ ነው።

እኔ ሽማግሌ የሆንኩት በዕድሜ ሳይሆን በመኪና ነው። የእህቴ ልጅ ቢንያም፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሪከንባከር አካባቢ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ ጨዋ ልጅ፣ የጋሼ ደምሰውን ልጅ ማህሌትን ወደደ። እሷም ወደደችው። የቀረው የአባትየው ቃል ብቻ ነበር፤ «ባቢ እሺ ካላለ አላገባም» ብላለች፣ ማህሌት ደግሞ ያለችውን አታጥፍም። ሽማግሌ ሲመረጥ ጋሼ ወርቅነህ በሽበታቸው፣ ሞርስ ሮድ ላይ ግሮሰሪ ያለው አቶ ጀማል በአንደበቱ፣ እኔ ሰባት ሰው የሚጭን መኪና ስላለኝ ተመረጥን።

ጋሼ ደምሰው ፎረስት ፓርክ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሁለት ጊዜ በወጉ መለሱን። ይህ ያለ ነው። በሦስተኛው ግን ወጉን ጣሱና ጠፉ። ኮል ሳደርግላቸው «ሺፍት ላይ ነኝ» ይሉኛል። ቅዳሜ ሺፍት፣ እሁድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሺፍት። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ በጾም ሠርግ የለም፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ማህሌት ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ልትሄድ ነው። ቢንያም መክሳት ጀመረ። እህቴ በበኩሏ እኔን ማክሳት ጀመረች።

«እንግዲያው ሥራ ቦታው ድረስ እንሄድበታለን» አሉ ጋሼ ወርቅነህ።

የጋሼ ደምሰው ሥራ መሃል ከተማ ባለ አንድ ሙዚየም ጥበቃ ነው። የሚጠብቁት ደግሞ መድፍ ነው። አትሳቁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመኖች የተማረከ፣ የእንጨት መንኮራኩር ያለው፣ ሰባ ሰባት ሚሊሜትር የሜዳ መድፍ ነው። በዘመኑ ስንቱን መንደር ያፈረሰ መሣሪያ ዛሬ በቀይ ገመድ ታጥሮ፣ ሕፃናት ማስቲካ እንዳይለጥፉበት ሰው ተቀጥሮለታል። የተቀጠረለት ሰው ደግሞ በወጣትነቱ አገር ቤት የመድፈኛ ሃምሳ አለቃ ነበር። ኮሎምበስ ውስጥ መሐንዲሱ ሳጥን ሲያነሳ፣ መምህሩ ኡበር ሲነዳ፣ ከሙያው ጋር የተገናኘ ሰው እኔ የማውቀው ጋሼ ደምሰውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሙሉ ልብሳችንን ለብሰን ደረስን። ሲያዩን አልደነገጡም። ዩኒፎርማቸውን አስተካክለው፣ መድፉ ፊት ለፊት ያለውን አግዳሚ እያሳዩ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ተቀመጡ» አሉን።

ጋሼ ወርቅነህ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኚህ ሰው እሁድ እሁድ ከጋሼ ደምሰው ጋር ካርታ የሚጫወቱና «አንተ አጭበርባሪ» የሚሏቸው ናቸው። ለዚያን ቀን ግን አንቱታው አፋቸው ላይ ማር ሆኗል። «የመጣንበትን ጉዳይ ሳይፈጽሙልን አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ዛሬም ቆመን እንለምንዎታለን።»

ጋሼ ደምሰው በገመዱ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ወደ መድፉ ጠቆሙ።

«ይኼ የፊቱ ብረት ጋሻው ነው» አሉ። «ተኳሾቹን ከጥይት ይከልላል። ቀዳዳዎቹን አያችኋቸው?»

አየናቸው። አቶ ጀማል ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ቢንያም ጠባይ ጀመረ፤ መልሱ ስለ አፈሙዙ ሆነ። ስለ ቢንያም ቤተሰብ ሲያነሳ፣ መድፉ ሲተኮስ እንዴት ወደ ኋላ እንደሚያፈገፍግና ተመልሶ ቦታውን እንደሚይዝ ተነገረን። ጋሼ ደምሰው አስጎብኚ መስለዋቸው ሁለት ፈረንጆች ከኋላችን ተሰልፈው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አላገኘንም፤ ስለ መድፉ ግን ነገ ጦርነት ቢነሳ ለመሰለፍ የሚበቃ እውቀት ነበረን።

ይሄኔ ነው ሱፐርቫይዘራቸው፣ አንዲት ፈገግታ የማያልቅባት ሴትዮ፣ ሦስት ታጣፊ ወንበሮች ይዛ የመጣችው። አመስግነን ቆምን። ጥቂት ቆይታ የጋሼ ወርቅነህ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየችና ዊልቸር እየገፋች ተመለሰች።

«ኖ፣ ታንክዩ። አይ ስታንድ» አሉ ጋሼ ወርቅነህ።

ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ለካስ የወደቁ ጓዶቻችንን ቆመን የምናስብ የቀድሞ ወታደሮች መስለናታል። ወደ ጋሼ ደምሰው ጠጋ ብላ እነማን እንደሆንን በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ደምሰው ያኔ ተያዙ። በአማርኛ ነገር ማዞር ይችሉበታል፣ እንዳያችሁት ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ያላቸው ቀጥተኛው ብቻ ነው።

«ኖት ሶልጀርስ» አሉ። «ዘይ ካም ፎር ማይ ዶተር። ፎር ሜሪጅ።»

«ገና እሺ አላልኩም» የሚለውን ሊጨምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሴትየዋ «ኮንግራጁሌሽንስ» ብላ አቀፈቻቸው። ዞር ብላም ለጎብኚዎቹ ሁሉ ነገረቻቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። የማናውቃቸው ሰዎች እየመጡ የጋሼ ደምሰውን እጅ ጨበጡ፤ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እንባዋን ጠረገች። አሜሪካኖች በ«ጠየቁ» እና በ«ተሰጣቸው» መካከል ስንት ወር እንዳለ አያውቁም፤ የእኛ ሰው ደግሞ ክብሩን ሁሉ ያስቀመጠው እዚያ መካከል ነው። ሱፐርቫይዘሯ እጃቸውን እንደያዘች ሠርጉ መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ ደምሰው መድፉን አዩ፣ እኛን አዩ፣ አለቃቸውን አዩ። ለሽማግሌ እምቢ ማለት ወግ ነው፤ ለሚያጨበጭብ ሕዝብ እምቢ ማለት ግን የጤና አይመስልም።

«ሱን» አሉ። «ቬሪ ሱን። ቢፎር ፋስቲንግ።» ከጾሙ በፊት ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሉ ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን። ጋሼ ወርቅነህ ዊልቸሩ ላይ።

ለቢንያም ወዲያው ደወልኩለት። እንደሚያለቅስ እንዳይታወቅበት «ፎርክሊፍት ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋብኝ። ጋሼ ደምሰው ሺፍታቸው ሲያልቅ ፓርኪንጉ ድረስ ሸኙን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነበር፤ እግሬ አብጧል። ጋሼ ወርቅነህ አንቱታውን እዚያው አዳራሽ ትተውት ወጥተዋል።

«አንተ ደምሰው፣ ልጁን ካልወደድከው ምናለ ቀድመህ ብትነግረን?»

«ልጁንማ በመጀመሪያው ቀን ወድጄዋለሁ» አሉ ጋሼ ደምሰው። የመኪናዬን በር ይዘው ትንሽ ቆዩ። «እዚህ አገር ስኖር ሃያ ዓመት አለፈኝ። ቁም ሲሉኝ እቆማለሁ፣ ና ሲሉኝ እመጣለሁ። ለምኖኝ የሚያውቅ ሰው ግን የለም። እናንተ ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ መጥታችሁ፣ ባርኔጣ አውልቃችሁ ‹እባክዎን› ስትሉኝ ደስ አለኝ። ምን ላድርግ? ጠፋሁ። እሺ ካልኩ ደግሞ የምትመጡ አልመሰለኝም።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አቶ ጀማል መሬት መሬት አየ። እኔም ማን ለምኖኝ እንደሚያውቅ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ባልሞክር ይሻለኝ ነበር። ሞተሩን አስነስቼ ልንሄድ ስንል ጋሼ ደምሰው መስኮቱን አንኳኩ።

«ለማንኛውም በሚቀጥለው ቅዳሜም ብቅ በሉ።»

«ደግሞ ምን ልንለምንዎ?» አልኳቸው።

«አታጡም» አሉ።