ክቡር ዶክተር የታለ

በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ የሰው ቃል የማይበቃው አንድ አስተማሪ አይጠፋም። ቅኔ ቤት ብትገቡ ታገኙታላችሁ፤ አስኳላ ብትገቡ ቀድሟችሁ ደርሷል። ዝናብ ዘነበ ብትሉት እጁን በመስኮት አውጥቶ ይዳስሳል። ራሴን አመመኝ ብትሉት ሕመሙን አውጥታችሁ ጠረጴዛው ላይ እንድታስቀምጡለት ይጠብቃል።

ለእኔ የደረሰኝ የዚህ ዘር አውራው ነው። በ1960 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ሥነ ሕይወት ያስተማሩን ክቡር ዶክተር። ስማቸውን አልናገርም፤ ለምን እንደማልናገር ኋላ ይገባችኋል። እኛ ተማሪዎቻቸው "ዶክተር የታለ" እንላቸው ነበር፤ ከአፋቸው ከሚወጣው ቃል ግማሹ "የታለ?" ስለነበረ።

ረጅም ናቸው፣ አጥንታቸው የሚቆጠር። ድሮ ነጭ የነበረ፣ አሁን ፎርማሊን ያበላሸው ጋውን ይለብሳሉ። አንገታቸው ላይ በሲባጎ የታሰረ አጉሊ መነጽር አለ፤ ቄስ መስቀል እንደሚይዝ ይይዙታል። ምሳ ሲበሉ ያየ ሰው የሦስት ሰው ድርሻ ሲያነሱ ያያል፤ የት እንደሚገባ ግን እግዜር ይወቅ። በልተው ሲወጡ የአልጋ ጎረቤቴ ምንዋጋው ከኋላቸው ሆኖ "ምግቡ የታለ?" ይላል በሹክሹክታ።

መጀመሪያ የገቡ ዕለት አንድ ባዶ ብልቃጥ አነሱና "እዚህ ውስጥ ምን አለ?" አሉ። ምንዋጋው ሞኝ ነውና "ምንም የለም፣ ጌታዬ" አለ።

"ምንም የታለ? አሳየኝ።"

እሱም ተነስቶ ጣቱን ወደ ብልቃጡ ቀሰረ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አየሩ ውስጥ ስለሚርመሰመሰው፣ ዓይን ስለማያየው ነገር አስተማሩን። ስንወጣ መተንፈስ ፈርተን ነበር።

ሌላ ቀን አንዱ ጥርሴን አመመኝ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። "የታለ?" አሉና አፉን አስከፈቱት። በአጉሊ መነጽራቸው አዩት፣ እኛንም በተራ አሰልፈው አሳዩን፣ ስለ ጥርስ አፈጣጠር ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ፈቃዱን ረሱት።

እኔ ገበያው የቄስ ልጅ ነኝ፤ የሰቆጣ። ዲቁና ተቀብዬ ቅኔ ስቆጥር አባቴ ቄስ ወልደ ሐዋርያት አውጥተው አስኳላ አስገቡኝ። ደብሩ አልወደደላቸውም። ዩኒቨርስቲ ገብቼ ምን እንደምማር ሲሰማ ደግሞ "ቄስ ወልደ ሐዋርያት ዲያቆን ልጃቸውን ለእንቁራሪት ሰጡ" ተባለ፤ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን እንኳ ይባል ነበር አሉ። አባቴ "ልጄ ተመርቆ ሲመጣ ታያላችሁ" ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም። እኔ ከወደቅሁ ይህችም መልስ ትወድቃለች።

ስለዚህ እንቁራሪቷን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ሆዷን እሰነጥቃለሁ። ክቡርነታቸው ከኋላዬ ይመጣሉ። "ልቧ የታለ?"

"እዚህ ጋ መሰለኝ፣ ጌታዬ።"

"መሰለኝ የሚባል አካል የላትም።"

ሥዕል ደግሞ ሌላው መከራ ነው። እርሳሱ እንደ መርፌ ካልሾለ ወረቀቱን አያዩም። መስመሩ አንድ ሆኖ መሄድ አለበት፤ ጥላ ማጥላት ክልክል ነው። "ያየኸውን ሳል፤ የምታውቀውን እኔም አውቀዋለሁ" ይላሉ። እሳቸው የሚያውቁትን እንድናውቅ አልነበረም ወይ የሚያስተምሩን? ይህን የጠየቃቸው የለም።

በዚያ ዓመት ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስተማሩን ስለ ኮሶ ትል ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላውን ሰው ምን ያላሉት አለ። ያልሠለጠነ አሉ፣ ሆዱን ለትል ያከራየ አሉ። የፈረንጁን መጽሐፍ አንብቡ አሉን፤ አነበብን፣ የትሉን ራስ ሥዕል በቃላችን ያዝነው። ክብ ራስ፣ አራት መምጠጫ፣ አናቱ ላይ ዙሪያውን የመንጠቆ አክሊል።

እኔ ግን ትሉን የያዝኩት በቃሌ ብቻ አልነበረም። ጥር ውስጥ ሆዴ አላስቀምጥ ሲለኝ አንዲት ያገሬ ሴት ዘንድ ሄጄ ኮሶ ጠጣሁ። በአንድ ቀን እነሳለሁ ያልኩት ሁለት ቀን ጣለኝ፤ በሁለተኛው ቀን የተግባር ፈተናው አለፈ። በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ።

"ኮሶ ጠጥቼ ነው የቀረሁት፣ ጌታዬ።"

በእኛ አገር ይህ ቃል በር ይዘጋል። ኮሶ የጠጣን ሰው ዳኛ አይጠራውም፣ እንግዳ አይገባበትም። ደጁ ላይ የቆመው "ኮሶ ጠጥተዋል" ካለ መልእክተኛው "ይማርልን" ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል የሚጠይቅ ነውረኛ ነው።

"የታለ?" አሉ።

"ምኑ፣ ጌታዬ?"

"ትሉ። ከነራሱ።"

"ጣልኩት።"

"ራሱን ካላየሁ መጠጣትህንም መዳንህንም አላውቅም" አሉና መዝገባቸውን ከፍተው ዜሮ ጻፉ። ክብ፣ ጥርት ያለች፣ ጥላ የሌላት ዜሮ። ያቺ ዜሮ ከጸናች ከዩኒቨርስቲ እሰናበታለሁ። ያን ዕለት ጠላኋቸው። እስከ ዛሬ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

ፈተናውን የወሰዱትም አልተደሰቱም። ወረቀታቸው ሲመለስ ሁሉም ላይ፣ በማይክሮስኮፕ አይተው ከሳሉት ከትሉ ራስ አጠገብ፣ በቀይ ቀለም "የታለ?" ተብሎ ተጽፏል። ምንዋጋው ሊያብድ ደረሰ። "ሃያ ስምንት መንጠቆ ቆጥሬ ስዬላቸው ምኑን ነው የታለ የሚሉኝ?" እያለ ከክፍል ክፍል ዞረ። ልማድ ሆኖባቸው ነው አልንና ተውነው።

የዕረፍቱ ሳምንት ደረሰ፤ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ክቡርነታቸው የደጋ ዕፅ ልንሰበስብ በሰቆጣ በኩል ወደ ደሃና እንወጣለን አሉ። እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ ስለወደዱኝ አይደለም፣ አገውኛ የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ውጤታችንን ለጽሕፈት ቤቱ የሚያስረክቡት ከጉዞ መልስ ነበርና መንገዱን ሁሉ ስለ ዜሮዬ አስብ ነበር። ከኮረም ወዲህ ላንድሮቨሩ ሲያንገጫግጨን መዝገቡ ከጭናቸው ወድቆ ገደል እንዲገባ ተሳልኩ። አልገባም።

ሰቆጣ ስንደርስ ተማሪዎቹ ትምህርት ቤት አደሩ፤ ዶክተሩ አክስቴ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ቤት አረፉ። አክስቴ የአባቴ እህት ናት። ሠላሳ ዓመት ኮሶ ሰጥታለች፤ ከሰቆጣ ዙሪያ እስከ አበርገሌ ድረስ ሰው በበቅሎ እየመጣ ይጠጣል። እራት ላይ ዶክተሩ ሦስተኛውን እንጀራ ሲያጥፉ አተኩራ አየቻቸው።

ጠዋት ክቡርነታቸው ጓሮ ጠሩኝ። ጫማቸውን እያዩ ነው የተናገሩት።

"ገበያው፣ አክስትህ ኮሶ ትሰጣለች ሲሉ ሰማሁ። አንድ ልክ ታዘጋጅልኝ። ለምርምር ነው።"

ሄጄ ነገርኳት። አክስቴ ድምጿን ዝቅ ማድረግ አታውቅበትም። "ምርምሩ ሆዳቸው ከገባ ስንት ጊዜ ሆነው?" አለች።

"አራት ዓመት" አሉ ክቡርነታቸው ከግድግዳው ወዲያ። ቀጥለውም የውጭ አገር ክኒን ሁሉ ሞክረው እንዳልሆነላቸው ተናገሩ።

ደስታዬን አልደብቅም። ሦስት ሳምንት ጥሬ ሥጋ በላተኛን ሲሰድቡ የከረሙት ሰውዬ! አክስቴ ሴቴውን የኮሶ አበባ ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ ስትወቅጥ የዜሮዬን ነገር ከአንድ እስከ አሥር ነገርኳት። ዘነዘናው ጠበቅ ጠበቅ አለ። ልኩን ጨምራለች ብዬ አልምልም፤ አልጨመረችም ብዬም አልምልም።

ጠጡ። እንዴት እንደጠጡ አልናገርም፣ የጠጣ ያውቀዋል። ረፋዱ ላይ የአውራጃው የትምህርት ሹም ሰው አስከትለው እንኳን ደህና መጡ ሊሉ መጡ። ደጁ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። "ኮሶ ጠጥተዋል" አልኩ። "ይማርልን" አሉና ተመለሱ።

ከውስጥ ደካማ ድምፅ ጠራኝ። "ምንም አልጠየቁም?"

"አልጠየቁም፣ ጌታዬ።"

"ማስረጃ አልፈለጉም?"

"በእኛ አገር አይጠየቅም፣ ጌታዬ።"

አልጋው ላይ ሲገላበጡ ተሰማኝ። መገላበጣቸው ልቤን አራሰው።

ከሰዓት በኋላ ገርጥተው፣ የአክስቴን ጋቢ ተከናንበው ወጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ፊታቸው ቆመች።

"እንኳን ማረዎት። ራሱ የታለ?"

ዶክተሩ ቀና ብለው አዩዋት። "ወጥቷል፣ ወይዘሮ ጸሐይነሽ። ደህና ነኝ።"

"መውጣቱን ማን አየ?"

"እኔው ነኝ የምነግርዎ።"

"ልጄም ነግሮዎት ነበር አሉ። እኔ ራሱን ሳላይ ዳነ ያልኩት ሰው የለም። ራሱ ከቀረ መልሶ ያድጋል። ካላሳዩኝ ነገ ይደገማል።"

"ይደገማል" ስትል በክቡርነታቸው ፊት ላይ ያየሁትን ሁሉም ተማሪያቸው ቢያይልኝ በወደድኩ። ተነሱ። በሱፍ ሱሪያቸው፣ በአክስቴ ጓሮ፣ አንድ ጭራሮና አጉሊ መነጽር ይዘው ጎንበስ አሉ። አንድ ሰዓት ያህል ፈለጉ። ላግዝዎት አላልኩም። በመጨረሻ በጣሳ ይዘው መጡ፤ አጥበው፣ በአረቄ ነክረው፣ ለአክስቴ አሳዩ። የመርፌ አናት የምታህል ነገር ናት። አክስቴ አጉሊ መነጽሩን ተቀብላ አየች። "አዎ፣ ይኸው ነው። አሁን ድነዋል" አለች።

እኔ ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። ዶክተሩ ግን ማይክሮስኮፓቸውን ከሣጥኑ አወጡ፣ መደቡ ላይ አስቀመጡ፣ መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዞሩ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። "ገበያው፣ ያመለጠህን ፈተና ትወስዳለህ። ሠላሳ ደቂቃ አለህ። ራሱን ሳል" አሉ።

እርሳሴን አሾልኩ። ክቡን ሳልኩ፣ አራቱን መምጠጫ ሳልኩ። መንጠቆዎቹን ከመጽሐፉ አውቃቸዋለሁና እጄ ራሱ ጀመራቸው። ሁለት ስዬ ቆምኩ። እንደገና በማይክሮስኮፑ አየሁ፤ አዙሬ አየሁ፤ ዓይኔን ጠርጌ አየሁ። መንጠቆ የለም። መጽሐፉ አለ ይላል፣ ክፍሉ ሁሉ ስሏል፣ እዚያ ግን የለም። ከሳልኩ ያላየሁትን ሳልኩ፤ ካልሳልኩ ከመጽሐፉ ጋር ተጣላሁ። አባቴ ትዝ አሉኝ። የጀመርኳቸውን ሁለቱን ፍቄ ወረቀቱን ሰጠሁ።

ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "መንጠቆውስ?"

ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። "የታለ?" አልኳቸው።

"አንተ፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?" አለች አክስቴ።

ዶክተሩ ሳቁ። እኚያ ሰው ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆዳቸው ገና ስለሚያማቸው ይዘውት ነው የሳቁት። "መንጠቆ ያለው የአሳማው ነው" አሉ። "እኛ የምንበላው በሬ ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ የፈረንጅ ሆድ ነው የሳለው። ሠላሳ አራት ተማሪ የእኛን ትል እያየ የእነሱን ሳለልኝ።" በቀይ የተጻፈው "የታለ?" ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

መዝገቡን አወጡ። ዜሮዋን በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዘው ከሃያ አሥራ ስምንት ጻፉ። አክስቴ ፊደል ባታውቅም ሲነገራት አልተዋጠላትም። "ሁለቱስ የታለ?" አለች። ክቡርነታቸው ወረቀቱን አቀረቡላትና በአጉሊ መነጽሩ መስመሬ የወፈረበትን ቦታ አሳዩአት። አየች። "እውነትም ወፍሯል" ብላ ለእሳቸው ፈረደች።

ተመርቄ ወደ ሰቆጣ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ምክር የለ፣ ምርቃት የለ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ ሰጡኝ። "ለተማሪዎችህ። የታለ ሲሉህ የምታሳያቸው እንዳታጣ" አሉ፤ በቃ። ጠቅላላ ስንብታችን ይኸው ነው።

አባቴ ያን ዓመት ከቅዳሴ በኋላ ከሁሉ ኋላ ቀርተው፣ እኔን አስከትለው፣ ቀስ ብለው፣ በሰው መካከል አለፉ። ብልቃጡ ግን እኔ ክፍል መስኮት ላይ ተቀመጠ። ጽሑፉን ያነበብኩት ሰቆጣ ደርሼ ስፈታው ነው። የእሳቸው እጅ ነው፣ ጥርት ያለ፦ "የኮሶ ትል ራስ። ሰቆጣ። የካቲት 5 ቀን 1960። የተገኘበት ሰው፦" ይልና ስማቸው ከነአባታቸው፣ ከነዶክተርነታቸው ተጽፏል። የተገኘበት ያልተጻፈ ናሙና ዋጋ የለውም ብለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። በራሳቸውም ላይ አልዘለሉትም።

ስድስት ዓመት የተናደድኩባቸው ሰው ናቸው፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ንዴቴ ስላልወጣልኝ ነው። ነገር ግን የሰባተኛ ክፍል ልጆች በእሳቸው ስም ሲስቁ ማየት አንጀቴ አይችልም። ስለዚህ ብልቃጡ ሁልጊዜ ጽሑፉ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የሚቀመጠው። የማን ነው ሲሉኝ "የተገኘበት ሰው አይታወቅም" እላለሁ። በአስተማሪነቴ የምዋሸው ይህን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደመቀች የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

"ጌታዬ፣ ያልታወቀ ከሆነ 'አልታወቀም' ተብሎ መጻፍ ነበረበት ብለውናል። ጽሑፉ የታለ?"

ብልቃጡን አንስቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ወደ እንቁራሪቷ ተመለስን።